ነፋስ ሽቅብ የሄደው የእድር ድንኳን

ሮቤ ውስጥ ሸራ አስፍቶ የሚያውቅ ሰው ዘውገን አያጣውም። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ያለችው ጠባብ ሱቅ የእሱ ናት። የአይሱዙ ሸራ፣ የባጃጅ ጣራ፣ ስንዴ ዝናብ እንዳይመታው የሚለብሰውን ሁሉ እዚያች ተቀምጦ ይሰፋል። አጭር፣ ደንዳና፣ ስድሳን ሊደፍን አንድ ዓመት የቀረው ሰው ነው። ሲራመድ እግሩን ከፈት አድርጎ ነው፤ መሬቱ ድንገት ዘንበል ቢል ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ይመስላል። የሮቤ መሬት ዘንበል ብሎ አያውቅም፤ እሱ ግን ይጠነቀቃል።

የጎባ ልጅ ነው። ጎባ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ በነበረች ጊዜ አባቱ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ልጃቸውም ወንበራቸውን ወርሶ ማኅተም እንዲመታ ነበር ሐሳባቸው። ልጁ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ባሕር ኃይል ገባሁ ብሎ አረፈው። ከዚያ በፊት ያየው ትልቁ ውሃ ክረምት ላይ የሞላ ወንዝ ነበር፤ እሱንም በድልድይ ነው የተሻገረው። ምጽዋ ሲደርስ አለቆቹ ጣቱን አይተው መርፌ ሰጡትና ሸራ ሰፊ አደረጉት። ስድስት ዓመት ሰፋ። የምጽዋ ነገር ካበቃ በኋላ ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግሩ እያለ ባሌ ሲገባ ኪሱ ውስጥ የነበረው ያ መርፌ ብቻ ነበር።

ዘውገ "ስድስት ዓመት ባሕር ላይ ኖሬያለሁ" ይላል፣ አፉን ሞልቶ። እኔ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ስድስቱን ዓመት የኖረው ባሕሩ ዳር ያለ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። በሸራ ጀልባ የሄደው አንዲት ቀን ናት። ለሥልጠና ውድድር ሰው ጎድሎ "አንተ ድቡልቡል፣ ና ውጣ" ተባለና፣ ጀልባዋ እንዳትገለበጥ ጠርዟ ላይ በጀርባው ተንጠልጥሎ ክብደት ሆኖ ዋለ። የሸራዋን ገመድ እንኳ አልነካም። ይህን ለሚስቱ ለፋናዬ አንድ ጊዜ ነግሯት ነበር። ፋናዬ ምስጢር ትጠብቃለች፤ ሲያናድዳት ብቻ "ክብደቱ" ትለዋለች።

ያቺ ቀን ግን ይኸው ሠላሳ አምስት ዓመት አልፏት ከልቡ አልወጣችም። ነፋሱ ፊቱን እየመታው፣ ጀልባዋ ነፋሱ ወደሚመጣበት ስትሄድ በዓይኑ አይቷል። ይህን ወፍጮ ቤት ነገረ፣ ሥጋ ቤት ነገረ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ነገረ። በነገረ ቁጥር ሮቤ ትስቃለች። "ባሕሩ" የሚል ስም አወጡለት። አብሯቸው ይስቃል፤ ቤቱ ሲገባ ግን ሆድ ይብሰዋል።

ሰው የማይስቅበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የሰፈሩ እድር ነው። የእድሩን ድንኳን አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶ፣ ስፌቱን ደርቦ የሰፋው ዘውገ ነው። ስለዚህ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጡት። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ቁልፏን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል፤ ሲተኛም አያወልቃትም። ሰው በሞተ ቁጥር ጥሩልኝ የሚባለው እሱ ነው። በአፉ የሚለውን አያምኑትም፤ በእጁ ግን ያምኑታል። ለዘውገ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። ጥር ላይ ዘውገን ጉንፋን ጥሎት ሳለ ሌሎች ሰዎች አንድ ለቅሶ ቤት ድንኳኑን አፉን ወደ ነፋሱ አድርገው ተከሉት። የባሌ የበጋ ነፋስ ከተራራው ሲወርድ ይሉኝታ የለውም። ድንኳኑ እንደ ዱባ ተነፋና ሀዘንተኛውንም አጽናኙንም በአንድነት ሸፍኖ ወደቀ። በወሩ ጉባኤ ላይ ሁሉም ነፋሱን ሲረግም ዘውገ ብድግ አለ። ጥፋቱ የነፋሱ አይደለም፣ ለሚያውቅበት ነፋስ ጠላት አይደለም፣ እኛ ባሕር ላይ በሸራ ብቻ ነፋሱ ወደሚመጣበት ሄደናል አለ። እዚህ ላይ አፉን መሰብሰብ ነበረበት። አልሰበሰበም። ጉባኤው ሳቅ በሳቅ ሆነ።

ሊቀመንበሩ ጋሽ ተክለማርያም ብቻ አልሳቁም። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ የሮቤ ግማሿ ማባዛት የተማረችው በእሳቸው ኩርኩም ነው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከፊት የሚገፋ ነገር ወደ ኋላ ነው የሚገፋው፣ ይህ የሦስተኛ ክፍል ትምህርት ነው አሉ። ከዚያ መተዳደሪያ ደንቡን ገለጡ። አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ፦ በጉባኤ ፊት ሐሰት የተናገረ አባል የእድሩን ንብረት አይዝም።

"አቶ ዘውገ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነፋስ ሽቅብ ሄደህ ታሳየናለህ፤ አለዚያ ቁልፏን ታስረክባለህ" አሉት።

የዘውገ እጅ ሳያዘው ወደ አንገቱ ሄደ። በዚያው ጉባኤ ጥሩምባ ነፊው ባዳሳ ባለፈው ለቅሶ ዘግይተህ ነፋህ ተብሎ ተቀጣ፤ እሱም ከዛሬ ወዲያ የሚቀድመኝ የለም ብሎ እየዛተ ወጣ። ይህቺን ያዙልኝ፣ በኋላ ታስፈልገናለች።

እንግዲህ ባሌ ላይ ጀልባ ከየት ይመጣል? ዘውገ ሦስት ቀን መርፌ ሳይነካ ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን ዓይኑ የዑስማን ባጃጅ ላይ አረፈ። ዑስማን የድሮ አይሱዙ ነጂ ነው፤ ባጃጁ ሞተሯ ለጥገና ወጥቶ፣ ጣራዋ ተነስቶ ሱቁ ፊት ለፊት ሁለት ወር ቆማለች። ውስጧ አንዲት ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። ዘውገ ግን ያየው ሌላ ነው፤ ሦስት ጎማ አለ፣ መሪ አለ፣ ክብደት የለም። ጀልባ ከሆዷ ሥር ወደ ውሃው የሚገባ ሳንቃ አላት፤ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት የሚይዛት እሱ ነው። ባጃጅንስ ጎማዋ ይይዛት የለ?

ዑስማን ባጃጁን ለመስጠት አልሰሰተም፤ ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ይንገሩኝ አለ። ዘውገ በእጁ አሳየው፣ በነጠላ ጫማ አሳየው፣ መሬት ላይ ሣለለት፤ አልገባውም። በመጨረሻ ጠየቀው።

"ከሪራ መንደር ተነስተህ በአይሱዙ ተራራውን ስትወጣ ቀጥ ብለህ ነው የምትወጣው?"

"ኧረ ወላሂ፣ ማን ችሎት? መንገዱ ጥምዝምዝ አይደል እንዴ።"

"ነፋስንም ተራራ ነው በለው። ፊት ለፊት አትወጣውም። በግራ ሰያፍ ትወጣለህ፣ ትጠመዘዝና በቀኝ ሰያፍ ትወጣለህ።"

ዑስማን ገባኝ አለ። ከዚያ ዶሮዋን ከነእንቁላሏ አንስቶ ለፋናዬ ሰጣት።

መሃል ላይ የባሕር ዛፍ ተራዳ አቆሙ፣ አግዳሚ እንጨት አሰሩ፣ ያረጀ የአይሱዙ ሸራ ሰቀሉ። የመጀመሪያው ሙከራ ጥሩ አልነበረም። ባጃጇ በዕድሜዋ እንዲያ ፈጥና ሄዳ አታውቅም፤ ችግሩ የሄደችው ወደ ኋላ ነው። የሰው ገለባ ክምር ውስጥ ገብታ ቆመች። ዘውገ ገለባውን ከጆሮው እያወጣ ሸራውን መረመረ። ጨርቁ ዕድሜ ለጥጦት ሆድ አውጥቷል። ሆዳም ሸራ ከነፋስ ጋር ለመነዳት ይሆናል እንጂ ወደ ነፋስ አይጠጋም። የሚያስፈልገው ጥብቅ፣ ዝርግ፣ ለነፋስ የማይሰጥ ጨርቅ ነው። እንዲህ ያለ ጨርቅ ደግሞ ሮቤ ውስጥ አንድ ብቻ አለ፤ እሱም ራሱ የሰፋው የእድሩ ድንኳን የጎን ግድግዳ ነው።

ያለ ፈቃድ አልነካም ብሎ ጋሽ ተክለማርያም ዘንድ ሄደ። ፈቀዱለት፣ ያውም በደስታ። ግድግዳውን ብቻ ሳይሆን ድንኳኑን በሙሉ ሜዳ ድረስ አምጣው፣ ስትሸነፍ እዚያው ከቁልፏ ጋር ርክክብ እናደርጋለን አሉት። የርክክቡን ቅጽ በሦስት ኮፒ አዘጋጅተው ነበር።

ከከተማው ዳር ለአዲስ መንገድ ተብሎ ተደልድሎ፣ ጠጠር ለብሶ የቀረ ሰፊ ሜዳ አለ። ወደ ላይ፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት ብትሄዱ መጨረሻው የእማማ ዘነቡ አጥር በር ነው። እማማ ዘነቡ የጋሽ ተክለማርያም እናት ናቸው። ዘጠና አራት ዓመታቸው ነው፤ የእድሩ አንጋፋ አባልም ናቸው። "አርባ ዓመት ከፈልኩ፣ አንድ ቀን እንኳ አልተጠቀምኩበትም" እያሉ ያማርራሉ።

እሑድ ረፋዱ ላይ አባላቱ ሜዳው ግርጌ ተሰበሰቡ። ሁሉም በእግሩ ነው የመጣው፤ ያን ሰሞን ቤንዚን ጠፍቶ የሮቤ ባጃጅ በሙሉ ማደያ ተሰልፎ ነበር። ጋሽ ተክለማርያም በሜዳው እኩሌታ ላይ ባንዲራ አስተከሉ፤ ዘውገ እዚያ ከደረሰ ቁልፏ የእሱ ናት። ድንኳኑ ተጠቅልሎ ባጃጇ ላይ ተጫነ፣ ግድግዳው ተራዳው ላይ ወጣ፣ ዑስማን መሪውን ያዘ። ዘውገ ገመዱን ጨበጠ። በዕድሜው የሸራ ገመድ በእንዲህ ያለ ቀን ሲይዝ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ይህን ደግሞ ከፋናዬ በቀር የሚያውቅ የለም።

ነፋሱ መጣ፣ ሸራው ጠበቀ፣ ባጃጇ ተነሳች። ወደ ባንዲራው ግን አልሄደችም፤ በሰያፍ ወደ ግራ አዘመመች። አባላቱ ሸሸ አሉ። አንዱ ባጃጇን ሰርቆ ወደ ገሰራ ከተማ ሊሄድ ነው አለ። ዘውገ ዞሮ ሊመለስ፣ ገና ሊጠመዘዝ ሲል የባዳሳ ጥሩምባ ተነፋ። ባዳሳ ራሱ ከወዲያ ማዶ እየሮጠ መጣና እማማ ዘነቡ ማረፋቸውን ተናገረ።

ከዚያማ ውድድር የለም፣ ባንዲራ የለም። አባላቱ በሙሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በጓሮ በኩል በሚያስገባው አቋራጭ ወደ ለቅሶው ሮጡ። ሜዳው ላይ የቀሩት ዘውገ፣ ዑስማንና ጋሽ ተክለማርያም ናቸው። ጋሽ ተክለማርያም ጠጠሩ ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ፣ እናቴ ይሉና ደግሞ አንቀጽ ሰባት ይላሉ። አንቀጽ ሰባት፣ ድንኳን ጥሩምባ ከተነፋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለቅሶ ቤት ይደርሳል ነው የሚለው። እናታቸው አርባ ዓመት የከፈሉበት ድንኳን ባለ ሸራዋ ባጃጅ ላይ እንደተጠቀለለ ሜዳ ቀርቷል፤ መኪና የለም፣ ሞተር ያለው ባጃጅ የለም፣ ድንኳኑን እዚህ ያስመጡትም እሳቸው ናቸው።

ዘውገና ዑስማን ባጃጇን ወደ ግርጌው መለሷት፤ ዘውገ አጠገባቸው ሄዶ ጎንበስ አለ።

"ጋሼ፣ ባጃጇ ላይ ይውጡ። ድንኳኑን እኛ እናደርሰዋለን" አላቸው።

ተነስተው ወጡ። ነፋሱ በርትቶ ነበርና ባጃጇ እንዳትገለበጥ ክብደት ያስፈልጋታል። ዘውገ ጋሽ ተክለማርያምን ከነጋቢያቸው ጠርዙ ላይ አስቀመጠና፣ በዚህ ብረቱን ይያዙ፣ እግርዎን እዚህ ያጠላልፉ፣ ጀርባዎን ወደ ውጭ ይጣሉት አላቸው። ይህን ሥራ አሳምሮ ያውቀዋል።

ሄዱ። በግራ ሰያፍ ሜዳውን አቋረጡ፤ ዘውገ "አሁን" ሲል ዑስማን ጠመዘዘ፤ ሸራው ተርገፈገፈና ባጃጇ ነፋሱ አፍ ላይ ደርቃ ቆመች። ዑስማን እግሩን ሰዶ መሬቱን ሊገፋ ሲል ጋሽ ተክለማርያም እንባቸው እየወረደ፣ "መግፋት አይፈቀድም" አሉት። ሰውየው እናታቸው ሞተው እንኳ ደንብ ደንብ ነው። ዘውገ ሸራውን በእጁ ወደ ነፋሱ ገፋ፣ ባጃጇ ትንሽ ወደ ኋላ ተንከባለለች፣ አፍንጫዋ ዞረ፣ ሸራው በሌላው ጎን ጠበቀ። በቀኝ ሰያፍ ነጎዱ። ጋሽ ተክለማርያም በመዞሪያው ሁሉ ከዚህ ጠርዝ ወደዚያ ጠርዝ እየዳኹ ይዛወራሉ፤ ጋቢያቸው ፊታቸው ላይ እየተጠመጠመ፣ ወዴት ነው የምትወስዱኝ እያሉ ያለቅሳሉ።

ገመዱ የዘውገን መዳፍ ይጎትታል። ሲያጠብቀው ባጃጇ ወደ ነፋሱ ትጠጋለች፤ አብዝታ ስትጠጋ ትደክማለች፤ ጥቂት ገመድ ሲለቅላት ትሮጣለች። ነገሩ ገባው፣ በእጁ ገባው። ደስ አለው። ከተወለደ እንዲያ ደስ ብሎት አያውቅም። የሰው እናት ሞታ እንዲህ ደስ ማለቱ አሳፈረውና ፊቱን በሸራው ከለለ።

ጋሽ ተክለማርያም ልማድ ሆኖባቸው መዞሪያዎቹን ይቆጥሩ ነበር። ዘጠነኛው ላይ ልቅሷቸውን አቆሙ። ወደ ኋላ ዞረው ረጅም ጊዜ አዩ።

"ዘውገ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ባንዲራው ከኋላችን ቀረ እኮ።"

"አዎ፣ ጋሼ። አሁን ወደ ግራ ይዛወሩልኝ።"

አሁን ደግሞ ለቅሶ ቤት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እማማ ዘነቡ ጓሮ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ ራሳቸውን ስተው ነበር። የልጅ ልጃቸው ሠርከአዲስ ጮኸች፤ በአጥሩ ሥር ያልፍ የነበረው ባዳሳ ጩኸቱን እንደሰማ፣ ቅጣቷ ትዝ አለችውና፣ ወደ ውስጥ እንኳ ሳይዘልቅ ነፋ። ሠርከአዲስ ጎረቤት ልትጠራ ስትሮጥ እማማ ዘነቡ ነቁ። ፀሐይዋ ዞራ ስለበረዳቸው በርጩማቸውን ይዘው ወደ ፊት ለፊቱ በር ወጡና ሜዳውን እያዩ ተቀመጡ። አባላቱ በጓሮ ገብተው፣ ደረት እየመቱ፣ አስከሬኑ የት ገባ እየተባባሉ ቤት ውስጥ ይተራመሳሉ። ገሚሱ አልጋ ሥር ይፈልጋል።

እማማ ዘነቡ ሁሉንም አዩ። ባለ ሸራዋ ባጃጅ ነፋሱ ፊት ለፊት እየነፈሰባት፣ ማንም ሳይገፋት፣ ወዲህና ወዲያ እያለች ሽቅብ ስትመጣ አዩ። ልጃቸው ጠርዟ ላይ እንደተንጠለጠሉም አዩ። ባጃጇ ደጃፋቸው ደርሳ ቆመች።

"ተክሌ፣ ምን ሆነህ ነው ያለቀስከው? ማን ሞተ?" አሏቸው።

ጋሽ ተክለማርያም ከጠርዙ ወደቁ። መሬት ላይ ሆነው ቀና ብለው አዩአቸው።

"አንቺ ነሻ፣ እማዬ።"

እማማ ዘነቡ ነገሩን ጥቂት አሰቡበት። ከዚያ ባጃጇ ላይ የተጫነውን ጥቅል አዩ። "ይኼ አርባ ዓመት የከፈልኩበት ነው? በሉ ታዲያ ትከሉት፣ ከመጣ አይቀር" አሉ። ተተከለ። ዘውገ ራሱ፣ የድንኳኑን ጀርባ ለነፋሱ ሰጥቶ ተከለው፤ ንቅንቅ አላለም። ለለቅሶው የተጣደው ንፍሮ በደስታ ተበላ፤ እማማ ዘነቡም ሀዘንተኛ መቀመጫ ላይ ተቀምጠው እንግዳ አስተናገዱ። ባዳሳ ብቻ አጥር ተደግፎ፣ በቀደም ዘገየህ አላችሁኝ፣ ዛሬ ደግሞ ፈጠንክ እያለ ያጉረመርም ነበር።

የሚቀጥለው ወር ጉባኤ ደረሰ። አንደኛው አጀንዳ የዘውገ ቁልፍ ነበር። አባላቱ ያዩት ወደ ጎን የሸሸ ባጃጅ ነው። ቤት ውስጥ አስከሬን ሲፈልጉ ስለነበር ከዚያ በኋላ ያለውን አንዳቸውም አላዩም፤ ባጃጇን ገፍተው ያደረሷት ነው የመሰላቸው። ዑስማን ምስክር ልሁን ቢል የእድሩ አባል አይደለህም ተባለ። ዘውገ ቁልፏን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። አንገቱ ባዶ ሲሆን ብርድ ተሰማው።

ያን ጊዜ ጋሽ ተክለማርያም ተነሱ። መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ ነበርኩበት፣ ነፋሱ ፊቴን እየመታኝ ወደ ነፋሱ ሄድን፣ መዞሪያውን ቆጥሬያለሁ፣ ሃያ አንድ ነው አሉ። ከኋላ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ሀዘኑ አናታቸው ላይ ወጥቶ ነው ያለም ነበር። አርባ ዓመት ልጆች ሲያንቀጠቅጡ የኖሩት ሰውዬ መሃል ላይ ቆመው ቀሩ። ዘውገ ያቺን አቋቋም ያውቃታል፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቆሞባታል። ሄዶ አጠገባቸው ቆመ።

"የሄድነው ሁለታችንም ነን። ምጽዋ ላይ እኮ እኔም የዚያን ቀን እንደ ጋሼ ክብደት ነበርኩ፤ ገመድ የያዝኩት እዚህ ሮቤ ነው" አለ።

ይህን ከፋናዬ ሌላ ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። ሳቁ ባሰ። የሚገርመው ግን፣ ዘውገ ያን ቀን ሆድ አልባሰውም፤ ሰው አብሮት ቆሞ ነበራ።

እማማ ዘነቡ ከሠርከአዲስ ጎን ተቀምጠው ሲሰሙ ቆይተዋል። ከዘራቸውን ሁለት ጊዜ መሬቱ ላይ መቱና ሳቁ እስኪቆም ጠበቁ።

"እኔ በዓይኔ አይቻለሁ" አሉ። "አላየሽም የሚለኝ ካለ ይነሳ። እናንተ አልጋ ሥር አስከሬኔን ስትፈልጉ የነበራችሁ ሰዎች ናችሁ።"

የተነሳ የለም። ሁሉም ወደ ጫማው አየ። ጋሽ ተክለማርያም ቁልፏን ከጠረጴዛው አንስተው፣ ዘውገን ጎንበስ በል አሉትና አንገቱ ላይ መልሰው አጠለቁለት።